የቢሻው አፍንጫና የበዛወርቅ ገመድ

ቦንጋ ላይ ልብስ ማጠብ ቀላል ነው፤ ውሃውን ሰማይ ራሱ ያመጣልሃል። ጣጣው ማድረቁ ላይ ነው። መጋቢት ላይ የታጠበ ካልሲ ዕድል ከቀናው ለመስቀል ይደርሳል። በእርጥብ ሸሚዝ ያልተሞሸረ ወንድ ፈልገህ ብታገኝ ሰውየው ከሌላ አገር የመጣ ነው። ስለዚህ ሁሉም ቤቱ ውስጥ ገመድ ወጥሮ ይሰቅላል። እንግዳ ሲመጣ ከአንሶላ ስር ጎንበስ ብሎ ይገባል፣ የአባወራውን ሱሪ እንደ መጋረጃ ገለጥ ያደርጋል፣ ከዚያ ነው «እንደምን ዋላችሁ» የሚለው። አይታፈርም። የሁሉም ሱሪ በተሰቀለበት አገር በሱሪ ማን ያፍራል።

በልብስ ገመድ ምክንያት ትዳሩን ሽማግሌ ፊት ያቀረበ የመጀመሪያው የቦንጋ ሰው ቢሻው ነው።

ቢሻው ቡና ቀማሽ ነው። ከተማው ውስጥ ካሉት የቡና መጋዘኖች በአንዱ፣ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ በየጠዋቱ ነጭ ጋዋን ለብሶ በተደረደሩ ስኒዎች ፊት ይቆማል። በማንኪያ ይጨልፋል፣ ሰፈሩ እስኪሰማ ሽርርፕ ያደርጋል፣ አፉ ውስጥ ያንከባልላል፣ ባልዲ ውስጥ ይተፋል። ከዚያ ወረቀት ላይ ደረጃ ይጽፋል። ገበሬው ዓመት ሙሉ የለፋበት ቡና አንደኛ ይሁን አራተኛ የሚወሰነው በዚያች ሽርርፕ ነው።

ቡናው የዋጫ ይሁን የደካ በአንድ ማንኪያ ይለያል፤ ይህ እውነት ነው። የቀረውን ካፌ የተቀመጠ ሰው የጨመረለት ነው። ቡናው ሲለቀም ለቃሚዋ ከባሏ ጋር ተኳርፋ እንደነበር በጠረኑ ያውቃል ይባላል። ሲገባ ያዩ አስተናጋጆች የትናንቱን ወተት በጓሮ በር ይዘው ይሮጣሉ ይባላል። ዕድሩ ደግሞ አቧራ እንዳይነካው ብሎ ከመቃብር ቁፋሮ ነፃ አድርጎታል፤ ይህኛው እንኳ ተጽፎ የተፈረመበት ነው። ስሙም ቢሻው መሆኑ ከቀረ ቆይቷል። «ጋሽ አፍንጫው» ነው የሚባለው።

ባለቤቱ በዛወርቅ አራተኛ ክፍል ታስተምራለች። ልጆቻቸው አድገው ወጥተዋል። ቤት ውስጥ የቀሩት ሁለቱ፣ አንዲት ድመት፣ እንዲሁም ከመስኮቱ ፍርግርግ እስከ ጓዳው በር የተወጠረ ሰማያዊ የናይለን ገመድ ናቸው። ከተጋቡ ጀምሮ ገመዱ ጉዳይ ሆኖ አያውቅም። መጋቢት ገብቶ ዝናቡ ሲጀምር ግን ቢሻው ከሥራ መጥቶ በሩ ላይ ቆመና በመሐረብ አፍንጫውን ያዘ።

«ምን ሆንክ?» አለችው በዛወርቅ።

«እርጥብ ልብስ።»

«አዎ፣ እርጥብ ልብስ። ታጥቦ ነዋ።»

«አፍንጫዬን ይነካኛል። ሳይነስ ነው። ልብስ ሲደርቅ የሚለቀው እንፋሎት አለ፤ እሱ ገብቶ እዚህ ጋ ይቀመጣል።» ግንባሩን አሳያት።

«ሃያ ምናምን ዓመት ሲለቅ የት ነበርክ?»

«ሰውነት ይለወጣል።»

«ካልሲህም አብሮ ቢለወጥ ጥሩ ነበር» ብላ ገመዱን ወደ መኝታ ቤት ወሰደችው።

መኝታ ቤት ሲሆን አነጠሰ። ማዕድ ቤት ስታደርገው ከወጡ ጋር ይመጣል አለ። በረንዳ ላይ ስትሰቅለው ዝናቡ ያጠበችውን መልሶ አጠበላት። ስድስት ቀን እዚያው ውሎ አደረ። በሰባተኛው ቀን ጥቁር ቀሚሷ ላይ እንጉዳይ በቅሎ ጎረቤት «ይበላል እንዴ?» ብላ ጠየቀች ተብሎ ተወራ።

ከዚያ በኋላ ነው ሽማግሌ የተቀመጠው። የዕድሩ ሊቀመንበር ጋሽ ገብረ ሥላሴ ሁለት ሰው አስከትለው መጡ። የድንበር ጠብ አስታርቀዋል፣ የደም ጉዳይ አይተዋል። በውስጥ ሱሪ ጉዳይ፣ ያውም ውስጥ ሱሪው ከራሳቸው በላይ ተሰቅሎ እየተንጠባጠበ፣ ሲፈርዱ ግን ይህ የመጀመሪያቸው ነው።

«እንግዲህ ልጄ» አሉ ጋሽ ገብረ ሥላሴ ባርኔጣቸውን ከጠብታው እየከለሉ፣ «ልብስ የትም ይደርቃል። እንዲህ ያለ አፍንጫ ግን በዞኑ አንድ ነው። ቻል አድርጊው።»

«እሺ ጋሼ። ልብሱን የት ልስቀለው?»

ሦስቱም ሽማግሌዎች ጣሪያ ጣሪያውን አዩ። ገመዱ ግን ተጠቀለለ።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢቆም ደግ ነበር። መጋዘኑ ውስጥ ኃላፊው «ጋሽ ቢሻው፣ ሰሞኑን ስኒ ላይ ቆየት ማለት አበዙ» ሲለው፣ ቢሻው «ቤት ውስጥ እርጥብ ልብስ ይሰቀልብኝ ነበር። አፍንጫዬን ነክቶታል፤ እየታገልኩት ነው» አለ። ወሬው ከመጋዘን ካፌ ለመድረስ ሩብ ሰዓት ፈጀበት፤ ከካፌ ትምህርት ቤት ለመድረስ ያን ያህልም አልፈጀበትም።

«በዛዬ፣ የከፋን ቡና በሳሙና ልትጨርሺው ነው አሉ» አላት የስፖርት መምህሩ። ርዕሰ መምህሩ ስብሰባ ሲከፍት «እርጥብ ልብስ የለበሰ ካለ ወደ ኋላ፤ እዚህ ስስ አፍንጫ ያለው ሰው ይኖራል» አለ። ሁሉም ሳቀ። እሷም አብራ ሳቀች።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ልብሷን አጥባ፣ ሳፋው ላይ ነጠላ ደርባ፣ ኮንትሮባንድ እንደሚያሻግር ሰው የኋላ የኋላውን መንገድ ይዛ ወንዝ ማዶ እህቷ ቤት ትወስድ ጀመር። ሳይደርቅ ሲቀር እርጥቡን ትለብሰዋለች። ክፍል ውስጥ መስኮት አጠገብ ቆማ ታስተምራለች። የሻይ ሰዓት ሲሆን ከሰው ራቅ ብላ ወንበር ጫፍ ላይ ትቀመጣለች። ንጽሕናዋ ለሌሎች ምሳሌ ይደረግ የነበረ ሴት ሰው አጠገብ መቀመጥ አፈረች።

የቢሻው እውነት ደግሞ ይኸውና፦ ምንም አይሸተውም።

የካቲት ላይ ጉንፋን ያዘው። ጉንፋኑ በሳምንቱ ሄደ፤ ሲሄድ ሽታን ሁሉ ጠቅልሎ ይዞ ሄደ። ሥራ በገባበት ጠዋት ከመጀመሪያው ስኒ ጨለፈ፣ ሽርርፕ አደረገ፤ ትኩስ ውሃ ነው። ከሁለተኛው ጨለፈ፤ ትኩስ ውሃ ነው። አብራው የምትቀምሰውን ሊናን፣ ከዩኒቨርሲቲ ከወጣች ሁለት ዓመቷ ነው፣ «ቡና ጨምረሽበታል?» አላት። ሊና ቀልድ መስሏት ከት ብላ ሳቀች። እሱም ሳቀ። መናገር የነበረበት ያኔ ነበር፤ ሳቁ አለፈ፣ ሰዓቱም አብሮት አለፈ።

ከዚያ በኋላ ቢሻው በዓይኑ መቅመስ ያዘ። የፍሬውን ቀለም ያያል፣ የውሃውን ጥቁረት ያያል፣ ከሁሉ በላይ የሊናን ቅንድብ ያያል። አንዱ ከፍ ካለ አበባ አበባ የሚል ቡና ነው። ሁለቱም ከፍ ካሉ ሎሚ ሎሚ የሚል ነው። ሁለቱም ከተኮሳተሩ ጉድለት አለ። የቦንጋ ቡና ለሁለት ወር ያህል በአንዲት ልጅ ቅንድብ ደረጃ ሲወጣለት ከረመ ቢባል ብዙም ማጋነን አይደለም።

ታዲያ ልብሱ ምን አደረገው? ምንም የማይሸተው ሰው አንዳንድ ጊዜ «ይሸተኛል» ማለት አለበት፤ አለዚያ ይነቃበታል። እርጥብ ልብስ ደግሞ ባይሸትም በዓይን ይታያል። ይህ አንደኛው ምክንያት ነው። ሁለተኛውን ቢሻው ለራሱም አልነገረው። አንድ ቀን መታወቁ አይቀርም፤ የታወቀ ዕለት «ይኼን አፍንጫ ማን ገደለው?» ሲባል ተጠያቂ የሚሆን ሰው ቢኖር ደግ ነው። ከሁሉ ሰው ቅርብ የነበረችው ሚስቱ ናት። ለራሱ አልነገረውም እንጂ ያውቀዋል፤ በዛወርቅ ገመዱን ስትጠቀልል ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞረው ስለሚያውቅ ነው።

መጋቢት መጨረሻ ላይ ሊና ለሥልጠና ጅማ ሄደች። ስድስት ስኒ ተደርድሮ ቀረበ፤ ቅንድብ የለም። አምስቱን በቀለማቸው አለፋቸው። የስድስተኛው ፍሬ ጠቆርቆር ያለ ነጠብጣብ ነበረው። ጠረጠረና ደረጃውን ዝቅ አደረገው። «አስተያየት» የሚለው ቦታ ባዶ እንዳይሆን የሆነ ነገር መጻፍ ነበረበት። ሲጨንቀው እስክሪብቶው አፉ የለመደውን ጻፈ፦ «የእርጥብ ጨርቅ ሽታ አለው።» ፈረመ፣ አፉን ተጉመጠመጠ፣ ምሳ ሄደ።

ፋሲካ አለፈ። ግንቦት ገባ። አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ቢሻው ከሥራ ገብቶ መኝታ ቤት አልጋው ላይ ተቀምጦ ስልኩን እያየ፣ «ዛሬም ሰቅለሻል» አለ።

በዛወርቅ ዙሪያዋን አየች። ገመዱ ተጠቅልሎ ሚስማር ላይ ነው። ልብሷ ሁሉ እህቷ ቤት ነው። «ምንም የለም እኮ።»

«አለ እንጂ። ይኼ አፍንጫ አይሳሳትም።»

አላመነችውም፤ ግን ጥፋተኛ መሆን ለምዳለችና መጥረጊያ ይዛ ጥግ ጥጉን ፈተሸች። አልጋው ስር ስትደርስ ድመቷ ለምን ሳምንቱን መኝታ ቤት አልገባም እንዳለች ገባት። ጋቢ ዘፍዝፋ ሳለ ለቅሶ ተጠርታ ሳፋውን አልጋው ስር ገፋ አድርጋው ነበር። ለቅሶው ሦስት ቀን ወሰደ፤ ሳፋው ተረሳ። ለእሷ ቤቱ አንድ ነገር ይሸት ነበር፤ ግን ስለ ሽታ አፍ መክፈት ከተወች ቆይታለች። ጋቢው ዘጠኝ ቀን ተዘፍዝፎ ከርሟል። ሳፋውን ስትስበው የተነሣው ጠረን የሞተ ጅብ ያስነሣል፣ ያስነሣና መልሶ ይገድለዋል። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ወደ ኋላ ሸሸች። ቢሻው ከሳፋው አንድ ክንድ ከፍ ብሎ ተቀምጦ ስልኩን ይነካካል።

ሳፋውን አንሥታ ጉልበቱ ላይ ልታስቀምጠው ምንም አልቀራትም። «ይኼስ ምን ይሸታል?»

ቢሻው ቀና አለ። አየው። ወጥመድ እንደሆነ ጠረጠረ፤ የትኛው ወጥመድ እንደሆነ ግን አላወቀም። ጎንበስ ብሎ ባለሙያ እንደሚያደርገው ሁለቴ ሳብ ሳብ አደረገ።

«ሳሙና ቀየርሽ እንዴ?» አለ። «ይኼኛው ይሻላል።»

በዛወርቅ አልጮኸችም። ሳፋውን አውጥታ ደጅ አስቀመጠችና ተመልሳ በሩ ላይ ቆመች።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

መጀመሪያ «ምኑ?» ሊል አስቦ ነበር። ከዚያ ዓይኗን አየ። «ከየካቲት።»

«የካቲት ላይ ገና ዝናብ አልጀመረም። ልብስ ደጅ ነበር የምሰቅለው።»

«አዎ።»

«ታዲያ እኔን ለምን?»

ቢሻው ስልኩን አልጋው ላይ ደፍቶ መሐረቡን ፈለገ። እሷም አልደገመችለትም። ማታ እራት አቀረበችለት፣ በጠዋት ቁርስ አቀረበችለት። ዓርብ ዕለት ወደ ሥራ ሊወጣ ሲል «ዛሬ ትነግራቸዋለህ?» አለችው። «ወቅቱ ይለፍና» አለ። ጫማውን እስኪያስር ቆማ አየችው፤ ማሰሪያው ለወትሮው ከሚፈጅበት ሦስት እጥፍ ፈጀበት።

ቅዳሜ ጠዋት በር ተንኳኳ። አንድ አርባ ዓመት ገደማ የሆነው ሰው ነው፤ ከዋጫ በኩል የመጣ ቡና አምራች። ስሙ ፍቃዱ ነው። ዝናብ ልብስ ደርቧል፣ እቅፉ ውስጥ ማር የሞላ ጀሪካን ይዟል። ጎንበስ ብሎ ቢሻውን በሁለት እጁ ጨበጠው። ተቀመጥ ቢሉት ወንበሩ ጫፍ ላይ አረፈ።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ልጠይቅዎ ነው የመጣሁት» አለ።

«የምን ይቅርታ?»

«የመጋቢቱ ቡና የኔ ነው። ወረቀቱን አንብበውልኛል። የእርጥብ ጨርቅ ሽታ አለው ይላል። የርስዎን አፍንጫ በመጥፎ ቡና ስለነካሁት ይቅር ይበሉኝ። ለመጪው ዓመት እንዳይይዙብኝ ብዬ ነው።»

በዛወርቅ ሳህን ይዛ ከጓዳ እየወጣች ነበር። እዚያው ቆመች።

«ጥፋቱ ከኔ ቤት ነው» ቀጠለ ፍቃዱ። «የቡና ማድረቂያው አልጋ ሽቦ ነው፣ ከፍ ያለ ነው፣ ነፋስ ያገኘዋል። ቡናው ሲነሣ ሴቶቹ ልብስ ያሰጡበታል፤ ሁሉም ቤት ነው። ወረቀቱ ሲመጣ ባለቤቴን ዘነበችን፣ ቡናው ሳይነሣ አሰጥተሽበታል ማለት ነው አልኳት። አላሰጣሁም አለች። ማለች፣ ተገዘተች። እኔ ደግሞ አንቺን ልመን ወይስ የቦንጋውን አፍንጫ አልኳት። ወደ ወንድሟ ሰደድኳት፤ ሺሺንዳ ነው። ፋሲካንም እዚያው ዋለች።»

በዛወርቅ ሳህኑን እንደያዘች ወደ ቢሻው ዞረች።

«ይግባኝ አለ እኮ» አለ ቢሻው ጀሪካኑን እያየ። «ቡናው እንደገና ሊታይ ይችላል። ማመልከቻ ካስገባህ…»

«አይ ጋሼ። ቡናውስ ተሸጦ ሄደ። የቀረችብኝ ሴትዮዋ ናት። በሽማግሌ ልመልሳት አስቤያለሁ፤ ግን ሁለተኛ አላደርግም በይ ስላት፣ ያላደረግሁትን እንዴት ሁለተኛ አላደርግም እላለሁ ትለኛለች። ግትር ናት።»

«ቢሻው» አለች በዛወርቅ ሳህኑን ጠረጴዛው ላይ እያስቀመጠች። «ሰውየው ከዋጫ ነው የመጣው።»

«አንቺ ደግሞ…»

«አንተ ትነግረዋለህ ወይስ እኔ?»

ቢሻው እጁን ጉልበቱ ላይ አደረገ፣ አነሣው፣ መልሶ አደረገው። «ፍቃዱ፣ እኔ አይሸተኝም» አለ።

«ዛሬ ነው? ጉንፋን ነው?»

«ከየካቲት ጀምሮ። ቡናህ ይሽተት አይሽተት አላውቅም። ዝም ብዬ ነው የጻፍኩት።»

ፍቃዱ ወዲያው አልገባውም። ቢሻውን አየ፣ በዛወርቅን አየ፣ የተጠቀለለውን ገመድ አየ። ሲገባው ማሩን ወደ ራሱ ሳብ አድርጎ በሁለት እግሩ መካከል አስቀመጠው። ቢሻው በሕይወቱ ብዙ ስድብ ሰምቷል፤ እንደዚያ ጀሪካን ያለ ግን አልገጠመውም።

«ተነሣ» አለ ፍቃዱ። እርስዎ ማለቱን በሩ ሳይከፈት ትቶታል።

«ወዴት?»

«ሺሺንዳ። አሁን ያልከኝን ለእሷ ትነግራታለህ። እኔ ብነግራት አታምነኝም። እኔ አላመንኳትማ።»

ሚኒባሱ ውስጥ ሦስቱም በአንድ ረድፍ ተቀመጡ። የመኪናው መስታወት በሰው ትንፋሽ ደፍርሷል። የተሳፋሪው ልብስ ሁሉ በስብሷል። ከፊት የተቀመጠ አንድ ነጋዴ ዞር ብሎ ቢሻውን አወቀው።

«ጋሽ አፍንጫው፣ ዛሬ አለቁ በሉኛ። ሃያ ሰው እርጥብ ልብስ ለብሶ። እትዬ በዛወርቅ ቤት ያስጨረሱዎት ሳያንስ።»

መኪናው ሳቀ። በዛወርቅ ወደ መስኮቱ ዞረች፤ ምንም የማይታይበትን መስታወት ማየት ጀመረች። አሁን መናገር ነበረበት። አንድ ዓረፍተ ነገር ናት፤ ጠዋት አንድ ጊዜ ብሏታል፣ አፉ ያውቃታል። ቢሻው ግን ፈገግ አለ። ፈገግታው ሺሺንዳ እስኪደርሱ ፊቱ ላይ ተጣብቆ ቀረ፤ ሊያነሣው ቢሞክርም አልነሣ አለው።

ሺሺንዳ የገበያ ቀን ነበር። የዘነበች ወንድም ሐዲስ መንገድ ዳር እህል ቤት አለው። እሷ ደጃፉ ላይ፣ ከቆርቆሮው ጥላ ስር፣ በቆሎ በጣሳ ትሰፍራለች። ባሏን አይታ ቀና አላለችም። ፍቃዱ ከኋላ ቀርቶ ቢሻውን በክርኑ ወደ ፊት ገፋ አደረገው። ቢሻው ነገራት። ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር፤ በቆሎ የሚገዙት ሁለት ሴቶች ግን ጆሮ አላቸው።

ዘነበች መስፈሯን አላቋረጠችም። «አፍንጫው የሚሉት አንተ ነህ?»

«አዎ።»

«ያን ቀን ቡናዬን አፍህ ውስጥ አስገብተኸው ነበር?»

«አዎ።»

«ምን አለህ?»

«ምንም።»

«ምንም ካለህ ምንም ብለህ አትጽፍም ነበር?»

ሴቶቹ ጣሳውን ትተው ቢሻውን ያዩት ጀመር። በዛወርቅ ደግሞ ዘነበችን ነበር የምታየው። በዛወርቅና ዘነበች ተያዩ። ዘነበች አጠገቧ ከነበረች ዱካ ላይ ባዶ ጆንያ አነሣችላት፤ በዛወርቅ ተቀመጠች። እርጥብ ሹራቧን ይዛ ሰው አጠገብ ስትቀመጥ ከሁለት ወር ወዲህ ይህ የመጀመሪያዋ ነው።

«በአፍህ የነገርከኝን ሰማሁ» አለች ዘነበች። «እኔን ግን በአፍህ አይደለም ያስባረርከኝ። በወረቀት ነው። ወረቀት አምጣ።»

ሐዲስ ከዱቤ ደብተሩ መሐል ንጹሕ ገጾች ቀደደ። ቢሻው የእህል ጆንያ ላይ ተደግፎ መጻፍ ጀመረ። መንግሥት ቤትም ሆነ መጋዘን የኖረ ሰው ንስሐውንም ቢሆን «ጉዳዩ» ሳይል አይጽፍም። «ጉዳዩ፦ ማስተካከያ ስለመስጠት። ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው፣ በወቅቱ በነበረው የአየር ሁኔታ ምክንያት በተፈጠረ መጠነኛ ቴክኒካዊ ክፍተት…»

በዛወርቅ ተነሥታ ከትከሻው በላይ አነበበችው። እስክሪብቶውን ከእጁ ወስዳ ከዳር እስከ ዳር ሰረዘችበት። «የአራተኛ ክፍል ተማሪዬ ብትሆን ቆመህ ነበር የምትማረው። እንደገና።»

«የማሽተት አቅሜ በመጠኑ ስለቀነሰ» ብሎ ጻፈ። «በመጠኑ» የምትለውን ሰረዘችበት፤ «ስለቀነሰ» የሚለውንም ሰረዘችበት። ሦስተኛው ወረቀት ላይ እንዲህ አለ፦

«ከየካቲት ወር ጀምሮ ምንም ነገር አይሸተኝም። ያልሸተተኝን ሸተተኝ ብዬ ጽፌያለሁ። የወይዘሮ ዘነበች ልብስ ጥፋት የለበትም።»

«ጮክ ብለህ አንብበው» አለች ዘነበች። አነበበው። «ዝናቡ ወሰደው» አለች። እንደገና አነበበው። በዚህ ጊዜ ገበያተኛው ዝናብ የሚሸሽ መስሎ ወደ ቆርቆሮው ስር ተጠጋ። ዝናብ ለመሸሽ ሺሺንዳ ላይ እንዲያ ያለ ሕዝብ ተሰብስቦ አያውቅም፤ ግማሹ ከቤቱ የወጣ ነው።

«ግልባጩ ለማን ነው?» አለ ሐዲስ። «አንዱ ለመጋዘኑ፣ አንዱ ለእህቴ። ለኔም አድርግ፤ ሰው እህቴን በጎሪጥ ሲያይብኝ ከርሟል።»

ቢሻው ጻፈ።

«አንዱን ለትምህርት ቤቱ» አለች በዛወርቅ ወደ ዱካዋ እየተመለሰች።

የቢሻው እጅ ቆመ። ዘነበችን አያውቃትም፣ ሐዲስን አያውቀውም፤ የማያውቁት ሰው ፊት ማፈር በዝናብ እንደ መመታት ነው፣ ይደርቃል። ትምህርት ቤቱ ውስጥ ግን ዕድርተኛው አለ፣ የልጆቹ አስተማሪዎች አሉ፣ የሳቁት ሁሉ አሉ። ያሳቃቸው ደግሞ እሱ ነው። ከዚያ ከፊርማው በላይ ባለችው ጠባብ ቦታ፣ ፊደሎቹን አጣብቆ፣ አንድ መስመር ጨመረ፦ «የባለቤቴ የወይዘሮ በዛወርቅ ልብስ ምንም አላደረገኝም። በሐሰት ነው ስሟን ያነሣሁት።»

ይህን ማንም ጮክ ብለህ አንብበው አላለውም። ራሱ አነበበው። ድምፁ መሐል ላይ ተቆረጠ፤ አንዱ ገበያተኛ «ቀጥል» አለው፣ ለመሳለቅ ሳይሆን መጨረሻውን ለመስማት። ቀጠለ።

ዘነበች ድርሻዋን አጣጥፋ ጡቷ ስር ሸጎጠችና ወደ ፍቃዱ ዞረች። ፍቃዱ ማሩን እንደታቀፈ ነው።

«እሱስ የማያውቀኝ ሰው ነው» አለችው። «አንተ አስራ አራት ዓመት ታውቀኛለህ።»

ፍቃዱ ጀሪካኑን ከአንዱ ክንዱ ወደ ሌላው አዛወረ።

«ሰኞ ና። ወረቀት እንዳትይዝ፤ በአፍህ ነው የምትናገረው። ዛሬ በቆሎዬን ልጨርስ።»

ሰኞ ጠዋት ቢሻው ወረቀቱን ለመጋዘኑ ኃላፊ ሰጠ። ከየካቲት ወዲህ እሱ የፈረመባቸው ናሙናዎች በሙሉ እንደገና እንዲቀመሱ ታዘዘ። እሱ ጋዋኑን አወለቀና በር ላይ ጆንያ የሚገባ የሚወጣውን እንዲያይ ተመደበ። በሩ ላይ የቆሙት ገበሬዎች ጉዳዩን ሰምተዋል። ያ ሁሉ ዓመት ከሩቅ ባርኔጣ ሲያነሡለት የነበሩ ሰዎች አጠገቡ ሲያልፉ ጆንያቸውን ያስተካክላሉ።

በምሳ ሰዓት ትምህርት ቤት ሄደ። መምህራን ክፍል ሲገባ ስምንት ሰው ሻይ ይዞ ተቀምጧል። ወረቀቱን ለርዕሰ መምህሩ ሰጠው። ርዕሰ መምህሩ አንብቦ ለስፖርት መምህሩ አሳለፈው፤ የስፖርት መምህሩ አንብቦ ለሚቀጥለው አሳለፈው። ቢሻው ቀልድ ጠብቆ ነበር፤ በመንገዱ ሁሉ ለመሳቅ እየተዘጋጀ ነው የመጣው። ማንም አልቀለደም። ወረቀቱ ጠረጴዛውን ዞሮ ሲጨርስ ሁሉም የየራሱ ስኒ ውስጥ ያይ ነበር፣ ርዕሰ መምህሩም ጭምር።

በዛወርቅ ጥግ ላይ ደብተር ታርማለች። ቀና አላለችም።

«አድርሰሃል» አለችው። «ሂድ እንግዲህ፤ ክፍል አለኝ።»